ሁልጊዜ የሚያልፍ ፈተና

ስክሪኑ ድፍን ጥቁር ነው፤ የመፈተሻ ስክሪፕቴ ግን «ፈተናውን አልፏል» ይለኛል። ዓይንህ ይጥፋ! ስክሪኑን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ በየቀኑ ፈትሾ እንዲነግረኝ የጻፍሁት እኔ፣ ደባርቅ ቁጭ ብዬ «ሁሉም ደህና ነው» ስል ለአሠሪዎቼ የላክሁትም እኔ። ድራይቨሩ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ ጨለሙ፤ ስልኬ ጩኸቱን አላቋርጥ አለ።

በስክሪፕቱ ውስጥ ስህተቱን መስመር በመስመር ስፈልግ መጨረሻው ላይ አገኘሁት፦ «ስብሐት ለእግዚአብሔር» ብሎ እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። ጽሑፍን በምስጋና መዝጋት ከልጅነቴ ያስለመዱኝ መሪጌታ አባቴ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያየው የመጨረሻዋን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ምስጋናዋ ከተጻፈች የወደቀውንም «አልፏል» ይላል።

አባቴ ከደጅ ብቅ አሉ። «ጽጌሬዳ፣ ጨረስሽ?»

«አዎ አባዬ፣ ስህተቱን አገኘሁት።»

«ታዲያ ምነው ተመስገን አላልሽ?»

ምስጋናዋን ሊሰርዝ የነበረው ጣቴ መሰረዣው ቁልፍ ላይ ደርቆ ቀረ።