የሞላልኝ መዳብ

«ጋዜጣው የራሱ ጥፋት ነው ይላል አሉ፤» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ አጠገቧ ላለችው ቀስ ብላ። ሹክሹክታ ደግሞ ቶሎ የሚሰማው እንዲሰማ ላልተፈለገው ሰው ነው፤ የሺወርቅ ፍራሹ ላይ እንዳለች ሰማች።

የሠልስቱ ዕለት ነበር። በስደት አገር፣ ፒኜቶ ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤቷ በሰው ተጨናንቃለች። ጎረቤቷ እማማ ሓዳስ ወጥ ቤት ሆነው የቡና ማፍያውን ሞካ ደጋግመው ይጥዳሉ። የሺወርቅ ግን ዓይኗ በር አጠገብ ከተቀመጠው ከሳህለ አልተነቀለም። ሳህለ የባሏ የሞላልኝ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ሞላልኝ የሞተበት ርችት ፋብሪካ ሲፈነዳ ገና በሩ ላይ ስለነበር እጁን ብቻ ተቃጥሎ ተረፈ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲመላለስ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አላለም።

ከሳህለ ራስ በላይ፣ በለቀስተኛ ካፖርት ተሸፍኖ፣ የሞላልኝ መዳብ ተሰቅሏል።

ፋብሪካው ውስጥ ባሩድ ክፍል የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ በር ላይ ያለውን መዳብ በእጁ ይነካል፤ ከልብስ የሚነሣው ኤሌክትሪክ በሽቦ ወደ መሬት እንዲወርድ። «በባለቤቱ ቅድመ አያት ዘመን ፋብሪካው ፈንድቶ ሰባት ሴቶች አልቀዋል፤ እዚያ ቤት ጥንቃቄ እንደ ጸሎት ነው፤» ብሏት ነበር ሞላልኝ ሥራ የጀመረ ሰሞን። እያደር እጁ ለመደና ቤትም ሲገባ ግድግዳ መንካት አመጣ። ስትስቅበት እልህ ያዘው፤ ከእሑድ ገበያ አሮጌ የመዳብ ድስት ክዳን ገዝቶ በር አጠገብ ሰቀለ።

«አሎራ፣ እንግዲያው፣ ከአሁን በኋላ ይሄን ሳልነካ አልስምሽም።»

«ምነው፣ እኔ ባሩድ ነኝ?»

«ከባሩድም የባስሽ!»

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲገባ ኖረ። ተኳርፈው ባደሩ ማግስት እንኳ፣ ቀለበቱ ክዳኑን ጠን ሲያደርገው ንዴቷ ይበርድ ነበር። ምን ያለ ደግ ጊዜ ነበር! አሁን ግን ያ ክዳን ያስፈራታል። ያቺን ቀን ብቻ መንካቱን ረስቶ ቢሆንስ?

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ተነሥታ ከሳህለ ጎን ተቀመጠች።

«ሳህልዬ፣ በሞቴ እውነቱን ንገረኝ። ነክቷል?»

ሳህለ አቀረቀረ። «ነክቷል። ከኋላው ነበርኩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሽቦው ነዋ! አሠሪዎቹ ወለሉን ሲያድሱ ቆረጡትና ሳይቀጥሉት ቀሩ። ሞላልኝ ሁለቴ ነግሯቸዋል። ‹ዶማኒ› ይሉታል፤ ነገ፣ ነገ።»

«እና ይሄን ይዘህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«ሥራ ካጣሁ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም፣ የሺ። ፈራሁ።» እንባው ወረደ።

እማማ ሓዳስ ሞካውን እንደያዙ ብቅ አሉ። «ልጄ፣ ሙት ስለ ራሱ አይከራከርም፤» አሉት።

ሳህለ እንባውን ጠርጎ ተነሣ። «ቫ ቤኔ፣ እሺ። ነገ ፖሊስ ጠርቶኛል፤ ያየሁትን እናገራለሁ።»

የሺወርቅ እስከ በሩ ሸኘችው። እርምጃው ከደረጃው ላይ ሲጠፋ ካፖርቶቹን አንሥታ ወንበር ላይ አደረገች። የክዳኑ ዳር ጠቁሯል፤ የሞላልኝ መዳፍ ያረፈበት መሐሉ ግን ያበራል። ቀለበት ያለበትን እጇን እዚያው ላይ አሳረፈች።

ጠን አለ። የለመደ ጆሮ ነውና፣ ሳታስበው ዞር ብላ ደረጃውን አየች።