የሞያሌው ጄኔራል

ስዩም ደምለው በዕድሜው የያዘው መሣሪያ ካቻቪቴና መፍቻ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ድንበር ለሁለት በከፈላት ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል ካለው ማንያታ ሰፈር ገብታችሁ ስዩም ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቀው አታገኙም፤ ጄኔራል ካላችሁ ግን ሁሉም እየተሽቀዳደመ ቤቱን ያሳያችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሞያሌ መብራት ብቅ ብሎ የሚሄድ እንግዳ ስለሆነ ሆቴሉም ወፍጮውም የሚኖረው በጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተሩን የሚያኖረው ደግሞ ስዩም። መጀመሪያ “የጄኔሬተሩ ፉንዲ” ይሉት ነበር፤ በኬንያው ወገን ጠጋኙን ሁሉ ፉንዲ ነው የሚሉት። ስሙ ለአፍ ረዘመ። አንድ ፌዘኛ ሾፌር አሳጥሮ “ጄኔራል” አለውና እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠው። ስዩምም ዘይት የጠገበ እጁን አንስቶ መለሰለት። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ፤ ያገኘው ሁሉ እጁን ግንባሩ ላይ ያደርጋል፣ እሱም ይመልሳል። ሚስቱ ወርቅአየሁ እንኳ ስዩም የምትለው ስትቆጣው ብቻ ነበር።

የተያዘው ሁለቱ መንግሥታት በተኳረፉ ሰሞን ነው። ማን እንደጀመረው እንጃ፤ አንዱ የሌላውን ሰው አሰረ ተባለ፣ ሌላውም በአጸፋው ድንበር የተሻገረውን መልቀም ያዘ። ስዩም በዚያው ቀን የአንድ ሆቴል ጄኔሬተር ሊጠግን ወደ ኢትዮጵያው ወገን ተሻግሮ ነበር። የኬንያ መታወቂያ ስለያዘ ከጥቂት ሾፌሮች ጋር አብረው ወሰዱት።

መጀመሪያ ላይ ወርቅአየሁ ያን ያህል አልፈራችም። ምሳ ቋጥራ ወደ እስር ቤቱ ትሻገራለች፣ በር ላይ ያለው ጠባቂም “አይዞሽ እህቴ፣ የሰሞኑ ግርግር ሲበርድ ይለቀቃል” ይላታል።

ከዚያ ብራያን የሚባል የናይሮቢ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ስልክ ደወለላት። ቁጥሯን ከየት እንዳገኘው አይታወቅም። ስለ ባሏ ዕድሜና ስለ ልጆቻቸው ጠይቆ ሲያበቃ “ሰፈር ውስጥ ሰው ምን ብሎ ይጠራዋል?” አላት። ወርቅአየሁ ስዩም ከታሰረ ወዲህ ያን ጊዜ ገና ሳቀች።

“ጄኔራል ነዋ” አለችው።

ለምን እንደተባለ እሱ አልጠየቀም፣ እሷም አልነገረችው። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ማታ ሬዲዮው “ጄኔራሊ ዋ ሞያሌ” አለ፤ የሞያሌው ጄኔራል። ጋዜጦቹም ተቀባበሉት። ብዙ ሳይቆይ የናይሮቢ አውቶቡስ ከኋላው “ጄኔራላችንን መልሱ” የሚል ትልልቅ ጽሑፍ ለጥፎ መጣ። ሞያሌ ኮራች። ጎረቤቷ ሮዝ “ባልሽን እኮ አገር አወቀው” አለቻት። እውነቱን ለመናገር ወርቅአየሁም ደስ ብሏት ነበር።

በማግስቱ የወሰደችው ምሳ እንዳለ ተመለሰ። አይዞሽ ይላት የነበረው ጠባቂ ዐይኗን ማየት ተወ። “ግቢ፣ ኃላፊው ይፈልግሻል” ብቻ አላት።

ኃላፊው ቁጡ ሰው አልነበረም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ወንበር ሰጣት፣ ውሃም አስመጣላት።

“ባለቤትሽ የየትኛው ጦር ጄኔራል ነው?”

“ጌታዬ፣ ጄኔሬተር ነው የሚጠግነው። ስሙ ከዚያ የመጣ ቀልድ ነው።”

“ጄኔሬተር” አለ ቃሉን ቀስ ብሎ እያላመጠ። ከመሳቢያው የስዩምን ስልክ አወጣና አንድ መልእክት አነበበላት። “ጄኔራል፣ ኦዳ ያለው ጠፍቷል። የጎዶማው ግን ትናንት ተነስቷል። መሣሪያህን ይዘህ ቶሎ ድረስ።”

የላከው ኦዳ የሚባለው መንደር ባለ ወፍጮ ነው፤ ጎዶማም ሌላ መንደር ነው። ሞተር ይጠፋል፣ ሞተር ይነሳል፣ ጠጋኝም መሣሪያውን ይዞ ይሄዳል። እዚያ ክፍል ውስጥ ሲነበብ ግን ለራሷም ሌላ መሰላት። ለአፍታ የገዛ ባሏን ጠረጠረችው፤ ወዲያው በራሷ አፈረች።

“የጠፋው ማነው? የተነሳውስ?”

“ሞተሩ ነው፣ ጌታዬ።”

“እናንተ ጋ ሁሉም ሞተር ነው” አለ ኃላፊው።

እንደወጣች ለብራያን ደወለች። “ያን ስም ተዉልኝ። ስዩም በሉት።”

“ማማ፣ ስዩም ብንል ማን ይሰማናል? እንዳይረሳ ያደረገው ይኸው ስም ነው።”

ማታ ግን ልመናዋን በራሱ መንገድ ፈጸመላት። ሬዲዮው “የሞያሌው ጄኔራል ቤተሰቦች ጄኔራል አይደለም ሲሉ አስተባበሉ” አለ። ወርቅአየሁ ሬዲዮውን ዘግታ ተቀመጠች።

በበነጋው ኃላፊው አንድ ዕድል ሰጣት። “የሚታመን ሽማግሌ አምጪ። ጠጋኝ መሆኑን ፊቴ ይመስክር፣ ዐርብ ከሾፌሮቹ ጋር ይወጣል። ካልሆነ ወደ ላይ ይተላለፋል።”

ወደ ላይ ማለት የት እንደሆነ አልጠየቀችም። ወደ ላይ ለሄደ ሰው ምሳ እንደማይወሰድለት ታውቃለች።

በሁለቱም ወገን የሚከበሩትን ሽማግሌ፣ ኦቦ ጃልደሳን ለመነች። መንገዱን ሙሉ ስታስጠናቸው ሄደች።

“ስሙ ማነው?”

“ስዩም ደምለው።”

“ሥራው?”

“ፉንዲ። ጠጋኝ።”

“ያቺ ሌላዋ ስም ከአፍዎ እንዳትወጣ፣ ኦቦ።”

“ልጄ፣ አርጅቻለሁ እንጂ አልጃጀሁም።”

እውነትም አልጃጁም። ኃላፊው የጠየቃቸውን ሁሉ አንድ ሳያዛንፉ መለሱ። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። ወርቅአየሁ ትንፋሿ ተመለሰላት።

“እንግዲህ አባት፣ ሰውየውን በዐይንዎ አይተው ይለዩልኝና እንጨርስ” አለ ኃላፊው፤ በሩንም አስከፈተ።

ስዩም ገባ። ፊቱ አብጧል፣ የለበሰው ሸሚዝ የእሱ አይደለም፣ አንድ እግሩን ይጎትታል። ሽማግሌው ሲያዩት የተጠናው ሁሉ ከልባቸው ጠፋ።

“ጄኔራል ኬኛ” አሉ፣ “የኛ ጄኔራል፣ ምን አደረጉህ?”

ብድግ አሉ። እጃቸውም ሳያዙት ግንባራቸው ላይ ወጣ።

ስዩም ስንት ጊዜ ብቻውን ከርሞ የሰፈሩን ሰው ማየቱ ነው። ያበጠው ፊቱ በራ። ወርቅአየሁ “ተው” ለማለት ሳትደርስ፣ ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ፣ እጁን አንስቶ፣ እንደ ሁልጊዜው ሰላምታውን መለሰላቸው።

ኃላፊው የጻፈውን ሰርዞ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። “ውሰዱት” አለ።

ዐርብ ዕለት ሾፌሮቹ ተለቀቁ። ወርቅአየሁ ድንበሩ ላይ ቆማ የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ጠበቀች፤ ከእሱ በኋላ በሩ ተዘጋ። ወደ ቤቷ ስትመለስ ዕቃ በጋሪ የሚያመላልስ አንድ ወጣት አስቆማት።

“እሜቴ፣ ጄኔራል መጣ?”

“ስሙ ስዩም ነው” አለችው።

ወጣቱ ግራ ገብቶት አያት። “ስዩም ደግሞ ማነው?”