አንድ አድራሻ ለሁለት

የደም ባንኩ ሲስተም ከጠዋት ጀምሮ ድምፁ ጠፍቷል። በአንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ ዘጠኝ ሲስተሞች እንደ ተከራይ ይኖራሉ፤ ወደ ውጭ የሚወጡት ሁሉም በአንድ የኔትወርክ ካርድ ነው፣ በአንድ በር እንደማለት። ስምንቱ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። እሱ ብቻ ተዘግቶበታል።

«ካርዱ አርጅቷል» አለ አለቃው፣ አዲሱን ከነካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ። «እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም አጥፍተን እንቀይረዋለን።»

ከስምንቱ አንዱ የአምቡላንስ ጥሪ መቀበያው ነው። እሱም ለአንድ ሰዓት ሊዘጋ ነው። እትዬ ኬብል ይህን ስትሰማ ልቧ ፈራ። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ኬብል ስትጎትት ጀምራ፣ ማንም ሳያስተምራት፣ እያየችና እየጠየቀች እዚህ ደርሳለች።

«አምላኬ፣ ጆሮዬን ክፈትልኝ» አለች በልቧ። ከዚያ ክፍሉን አዳመጠች። ማራገቢያዎቹ እንደ ወትሮው ያጉረመርማሉ። የጎደለው የተረኛው ኦፕሬተር ቀልድ ነበር። ሲስተም ሲወድቅ እንኳ «ደክሞት ነው፣ ይነሣል» የሚለው ሰውዬ፣ ዛሬ ለተጠየቀው ሁሉ መልሱ «እሺ» ብቻ ሆኗል።

አጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ወንድሜ፣ ምላስህን ማን ወሰደው?»

«ምንም አልሆንኩም፣ እትዬ።»

ውሃ ጠጣ፣ ኪቦርዱን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትናንት ለልምምድ ብዬ የደም ባንኩን ሲስተም ግልባጭ አውጥቼ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የኔትወርክ አድራሻውን አልቀየርኩለትም። ሳልሰርዘው ዘግቼው ብቻ ሄድኩ።»

«ዛሬ ጠዋት ማሽኑ እንደገና ሲነሣስ?»

«እሱም አብሮ ተነሥቶ ይሆናል።»

«ካርዱ ደግሞ አንድ አድራሻ ለሁለት አይሰጥም። ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል።»

የካርዱን መዝገብ ከፈቱ። አድራሻው በግልባጩ ስም ተይዟል፤ ዋናው ደጅ ቆሟል።

«አለቃ ከሰማ ያባርረኛል ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አንተው ንገረው፤ እኔ አጠገብህ ነኝ።»

ተረኛው ሄዶ ለአለቃው ነገረው። አለቃው ወደ ስክሪኑ ዞረ።

«መጀመሪያ ግልባጩን አጥፋው» አለ።

ግልባጩ ጠፋ። ዋናው ሲስተም ግንኙነቱን እንደገና ጀመረ፤ ከጠዋት የተጠራቀመው የደም ጥያቄ ከየሆስፒታሉ ተከታትሎ ስክሪኑ ላይ ወረደ። አለቃው ካርቶኑን ወደ መደርደሪያው መለሰ።

«ከዛሬ ጀምሮ ግልባጭ የሚያወጣ ሁሉ ከማንኛውም ነገር በፊት አድራሻውን ይቀይር። አንተ ጻፈውና ግድግዳው ላይ ለጥፈው።»

ተረኛው ወረቀት ሳበ። «ፊርማዬም ይኑርበት፣ ወይስ አድራሻዬ ይበቃል?»

ቀልዱ እንኳ ያን ያህል አልነበረም። እትዬ ኬብል ግን ሳቀች፤ በልቧም «ተመስገን» አለች።