የረጃጅሞቹ ለቅሶ

“እግራችሁን ሰብሰብ አድርጉ እንጂ፣ ሰው ያልፋል!” አለች ሙርሺዳ በስዋሂሊ፤ የሻይ ፔርሙዝ ይዛ የገባችው ጥሩወርቅ እንደገና ስትደናቀፍ አይታ።

ሴቶቹ ሳቅም እፍረትም እየተናነቃቸው ጉልበታቸውን አጠፉ። ግን ምን ያድርጉ? ፍራሹ መሬት ላይ ነው፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ የእነሱ ቁመት ደግሞ ለኢስትሊ ሰፈር ፎቅ ቤት የተሠራ አይደለም። በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው እግራቸውን ሲዘረጉ የቤቱ መሐል የሚባል ነገር ጠፋ። ከቀብር መልስ ሲገቡ አንድ ሁለቱ በግንባራቸው የበሩን መቃን ስመውታል። አንዷ ጎንበስ ብላ በሩን አለፈችና፣ ተርፌያለሁ ብላ ቀና ስትል አምፖሉን በራሷ መታችው።

“ፖሌ ሳና፣ ማማ” አለች ግንባሯን እያሻሸች፤ በጣም አዝናለሁ ማለቷ ነው። ለአምፖሉ ይሁን ለሐዘኑ አልታወቀም።

“እነዚህ ሁሉ የሟቿ እህቶች ናቸው እንዴ?” ስትል ከፓርክላንድስ ሰፈር የመጣች አንዲት ለቅሶ ደራሽ በሹክሹክታ ጠየቀች።

“እነዚህ የቡድን ጓደኞቿ ናቸው፤ እህቷማ ያቻት” አለች ጥሩወርቅ፣ በአገጯ ወደ ሙርሺዳ እያመለከተች። ጥሩወርቅ እታች መንገዱ ላይ ምግብ ቤት ያላት የድሮ ጎረቤት ናት፤ ሐዘኑን ከሰማች ጀምሮ የራሷን ቤት ዘግታ የሙርሺዳን ወጥ ቤት ተረክባለች።

ሴትዮዋ ሙርሺዳን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ብዙም የሚታይ ርቀት አልነበረም። “አላህ ቁመቱን ሁሉ ለታናሺቱ ሰጥቷት ነዋ!”

ሙርሺዳ ሰምታለች፤ ግን አልተቀየመችም። ይህን ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው ኖራለች። ሟቿ እህቷ ላሚያ የኬንያ ሴቶች የቅርጫት ኳስ ብሔራዊ ቡድን አምበል የነበረች፣ ሬዲዮውም ማታቱ ሚኒባሱም የትምህርት ቤት ልጁም “ትዊጋ” እያለ የሚጠራት ሴት ነበረች። ቀጭኔ ማለት ነው። መጫወት ካቆመች በኋላ የክለቧ አሰልጣኝ ሆና፣ ትናንት ማታ ተጫዋቾቿን አሰልጥና ስትጨርስ፣ ፊሽካዋን ከአንገቷ ሳታወልቅ፣ ወንበር ላይ አረፍ ባለችበት ልቧ ቆመ። ለዚህ ዓይነት ሞት ማን ተዘጋጅቶ ያውቃል? ሙርሺዳም ገና አልገባትም። ስለዚህ ሰው ታስቀምጣለች፣ ሻይ ታስቀዳለች፣ እግር ታስሰበስባለች።

ላሚያ ልጅ ሳለች ቁመቷ እንደ ነውር ይከብዳት ነበር። ከሞያሌ መጥታ በእህቷ ጨርቅ ሱቅ ስትቀመጥ በየወሩ ትረዝማለች፤ ቀሚሷ ግን ባለበት ነው። መንገድ ላይ አንገቷን ትቀብራለች፣ ትከሻዋን ትሰብራለች። እናታቸው ለጥየቃ በመጡ ቁጥር “ይህችን ማን ያገባታል?” ብለው ያለቅሳሉ።

“መሰላል ያለው!” ትላለች ሙርሺዳ።

አንድ ቀን ንጄሪ የምትባል የስፖርት አስተማሪ ለተማሪዎቿ መለያ የሚሆን ጨርቅ ልትገዛ ሱቁ ገባች። የፈለገችው ጥቅል ከጣሪያው ሥር ነው። ሙርሺዳ በርጩማ ፍለጋ ዞር ስትል ላሚያ ከጥጉ ተነሣች፤ እጇን ሰደድ አደረገችና ጥቅሉን እንደ ብርጭቆ አንስታ አወረደችው። ንጄሪ የመጣችበትን ረሳች።

“ይህች ልጅ ኳስ ትጫወታለች?”

“ጨርቅ ትሸጣለች” አለች ሙርሺዳ።

ንጄሪ በማግስቱ መጣች። በሳልስቱም መጣች። ሙርሺዳ በመጨረሻ ምርር ሲላት፣ ፀሐይ ቀለሙን መጥጦት ገዢ ያጣ አንድ ሰማያዊ ጥቅል አሳየቻትና “ይህን ሙሉውን ግዢኝና ከሰዓት ከሰዓት ውሰጃት። ግን ሱሪዋ ረጅም፣ እጅጌዋም ረጅም ይሆናል፤ እኔው እሰፋዋለሁ” አለች። በዚያ ዓመት የትምህርት ቤቱ ቡድን የገረጣ ሰማያዊ ለብሶ ተጫወተ፤ አሸነፈም። ላሚያ ከታወቀች በኋላ ጋዜጠኛ ባገኘች ቁጥር “እህቴ በአንድ ጥቅል በደበዘዘ ጨርቅ ሸጣኛለች” ትል ነበር። ሙርሺዳ ደግሞ “ጨርቁ የጣሊያን ነበር” ብላ ትከራከራለች።

መሰላሉም ቢሆን ሳይመጣ አልቀረም። ሐምዱ የተባለው የቅመም ነጋዴ ላሚያን ሊያገባ ሲመጣ እስከ ትከሻዋ ነበር የሚደርስ። ቀልዱን ሰምቶ ኖሮ፣ በሠርጉ ዕለት ሚዜዎቹ አንድ የቀለም ቀቢ መሰላል ተሸክመው እየጨፈሩ ገቡ። እናታቸው ያን ቀን ሲስቁ የጥርሳቸው ቁጥር ታወቀ።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ንጄሪ በዱላ እየተደገፈች መጣች። አርጅታለች፤ ድምፅዋ ግን አሁንም ሜዳ ያቋርጣል። ፍራሹ ላይ አልቀመጥም ብላ ወንበር ሲመጣላት የጥቅሉን ታሪክ ጀመረች። ረጃጅሞቹ የማያውቁት አልነበረም፤ ቢሆንም እንደ አዲስ ሰሙት። ንጄሪ የሙርሺዳን የክርክር ድምፅ አስመስላ “ይህ እኮ የደበዘዘ አይደለም፣ ቀለሙ ነው!” ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሙርሺዳም ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ ወረደ፤ ከሳቁ ይሁን ከሐዘኑ እንደመጣ ግን ለይታ አላወቀችውም።

ሳቁ በመስኮት ወጥቶ እታች ግቢው ውስጥ ሽማግሌው ሐጂ ጃፈር ወደተቀመጡበት የወንዶች ድንኳን ወረደ። ወዲያው የላሚያ ባል ሐምዱ በሩ ላይ ቆመ።

“እትዬ ሙርሺዳ፣ ሐጂ ጃፈር ሳቁ ምንድን ነው ይላሉ።”

“ላሚያ ናት በላቸው።”

ሐምዱ ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሲል መልሶ ያዘው። ሌላም ነገር ይዞ ነበር የመጣው። የክለቡ የፍጻሜ ጨዋታ ነገ ከሰዓት ነው። ሌላው ቡድን ቀኑ እንዲተላለፍ ቢስማማም አዳራሹ ሌላ ቀን አይገኝም ተባለ። ተጫዋቾቹ ደግሞ ሳፊያ ካልገባች እኛም አንገባም ብለዋል። ሳፊያ የላሚያና የሐምዱ ብቸኛ ልጅ ናት፤ በእናቷ ቡድን ኳስ አቀባይ ሆና ትጫወታለች። ቁመቷን ከአባቷ፣ ምላሷን ከአክስቷ ወስዳለች።

“ሐጂ ምን አሉ?” አለች ሙርሺዳ።

“‘ሦስት ቀን እንኳ ሳይሞላ የሟች ልጅ ኳስ ስታነጥር ብትታይ ነውር ነው’ አሉ። እኔ... እኔ እንጃ። አንቺ የምትዪውን እንበል።”

እነዚያ ረጃጅም ሴቶች ሁሉ፣ ተቀምጠውም ቢሆን፣ ቁልቁል አዩዋት። ሙርሺዳ አፏን ከፈተች። ነገር መወሰን የለመደች ሴት ናት፤ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ዋጠችው።

የዋጠችው በአንድ የድሮ ነገር ምክንያት ነው። ላሚያ አምበል በሆነችበት ዓመት ቡድኗ ለዋንጫ ዳሬሰላም ሄዶ ነበር። በፍጻሜው ዋዜማ አባታቸው ሞያሌ ውስጥ አረፉ። መርዶ እንዲህ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ ነው። ሙርሺዳ ይህን ብላ፣ ደግሞም ልጅቷ ትጫወት ብላ፣ ዝም አለች። በማግስቱ ማታ ስልኩ ጮኸ።

“እቴቴ! በልተናቸዋል! ዋንጫው እጄ ላይ ነው! ለአባ ንገሪልኝ፣ አሁኑኑ!”

“እነግረዋለሁ” አለች ሙርሺዳ።

አውሮፕላን ማረፊያ ላሚያ ዋንጫውን ከራሷ በላይ ይዛ እየዘፈነች ወጣች። ሰው ሁሉ ከሥሯ ስለሆነ ከሩቅ ታያለች። ከተቀባዩ ጀርባ የቆሙትን ሽማግሌዎች አየች፤ በመሐላቸው እህቷን አየች። ዘፈኑን አቆመች፤ ዋንጫውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ለወራት ሱቁን አልረገጠችም። በረመዳን አንድ ምሽት ግን ለማፍጠሪያ መጣች፤ ቴምሩን በልታ፣ ውኃዋን ጠጥታ፣ እንዲህ አለች፦

“ብትነግሪኝም ምናልባት እጫወት ነበር። ምናልባትም አልጫወትም። ግን ሐዘኑ የኔ ነበር እኮ፣ እቴቴ። ምን እንደማደርገው እኔ ነበርኩ የማውቀው።”

ሙርሺዳ ሴቶቹን ትታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ሳፊያ ብርጭቆ ታጥባለች። የታጠበውን መልሳ ታጥባለች።

“ሰምቻለሁ አክስቴ” አለች ሳትዞር። “ዲሳይድ ተደርጓል አይደል? ሳዋ፣ ኢትስ ፋይን።”

“ማንም አልወሰነም። ሐጂ የመሰላቸውን ተናገሩ። እኔም የመሰለኝ አለ፤ ግን አልነግርሽም።”

ሳፊያ ዞረች። አክስቷ የመሰላትን ሳትናገር የቀረችበትን ቀን አታውቅም። “ለምን?”

“ከነገርኩሽ የኔ ይሆናላ። ብትጫወቺ አጠገብሽ ነኝ፤ ብትቀሪም አጠገብሽ ነኝ። በቃ።”

“ሰው ግን ምን ይላል?”

“ይላል። ብትገቢም ይላል፣ ብትቀሪም ይላል። ለመናገር የመጣ ሰው ሳይናገር አይሄድም።”

ልጅቷ ብርጭቆውን አስቀመጠች። “ማሚ ላስት ያለችኝን ታውቂያለሽ? ሰው እኮ እናቱ ስትሞት የሆነ... ቢውቲፉል ነገር ትለዋለች። የኔዋ ‘ሳፊያ፣ ዛሬ መከላከልሽ ወንፊት ነው’ አለችኝና ሄዳ ተቀመጠች። በቃ! ያ ነው!”

ሙርሺዳ ልታዝንላት ፈልጋ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። “ታዲያ ልክ ነበረች?”

ሳፊያ አየቻት። “...ልክ ነበረች። ወንፊት ነበር።”

ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ፤ የእቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዘው፣ ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፉ፣ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተሻገረ፣ ለቅሶውም ወደ ሳቅ ተመለሰ። ሳፊያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

“እጫወታለሁ። አንቺ ግን ትመጪያለሽ።”

ሙርሺዳ መልእክተኛ አልላከችም፤ ራሷ ወደ ድንኳኑ ወረደች።

“ሐጂ፣ የነገው ዱዓ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። እሱ ካለቀ ልጅቷ ትጫወታለች፤ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ቅር አይበልዎት።”

ሐጂ ጃፈር መቁጠሪያቸውን አንከባለሉ። “ቅርማ ብሎኛል” አሉ በግልጽ። “ቅር እንዳለኝ ግን ዱዓ አደርግላታለሁ።”

ሐምዱ እስከ ደረጃው ሸኛት። “እኔ እዚሁ እሆናለሁ፤ ሰው መጥቶ ባለቤት እንዳያጣ” አለ። “አንቺ እዪልኝ።”

በሦስተኛው ቀን ዱዓው ተደረገ፣ ሰደቃው ለመጣው ሁሉ ደረሰ፤ ከዚያ ሙርሺዳና ጥሩወርቅ በሁለት ማታቱ ሙሉ ረጃጅም ሴቶች ታጅበው አዳራሹ ደረሱ። መቀመጫ አልነበረም፤ ለእነሱ ግን ሰው ተነሣላቸው። ጨዋታው ሳይጀመር ሁለቱም ቡድኖች አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ጸጥታው ሳያልቅ ከላይ አንድ ሰው “ትዊጋ!” ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀበለው። ጣሪያው እስኪርገበገብ ሕዝቡ “ትዊጋ! ትዊጋ!” አለ። ጥሩወርቅ የሙርሺዳን እጅ ፈልጋ ያዘች።

“ለምንድን ነው አሁን ፊሽካ የተነፋው?” ስትል ጠየቀች ጨዋታው ሲጀመር።

“ኳሷን ብዙ ስላነጠሩ ነው” አለች ሙርሺዳ በሙሉ እምነት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨዋታ ተመልክታ ሕጉን አልተማረችም። ላሚያ ልታስረዳት በሞከረች ቁጥር “እኔ አንቺን ነው የማየው” ትላት ነበር። ከኋላዋ የተቀመጡት የቀድሞ ተጫዋቾች ተያዩ።

ሳፊያ እንደ እሳት ገባች። ተቃራኒዋን እንደ ጥላ ተከተለቻት፣ ተለጠፈችባት፣ ገፋቻት፤ ፋውል ተነፋባት። እንደገና ተነፋባት። ጥቂት ነጥብ ብቻ ነው ያገባችው፤ በአንጻሩ በእሷ በኩል ማንም አላለፈም። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አምስተኛው ፋውል መጣባትና ከሜዳ ወጣች። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላት። እሷ ግን ፎጣ ፊቷ ላይ ጥላ ተቀመጠች፤ ውጤቱ ሲጠብና ሲሰፋ፣ ጓደኞቿ ሲያገቡ ሲስቱ፣ ፎጣውን በአንድ በኩል ብቻ ገለጥ አድርጋ አየች።

አሸነፉ። በጠባብ ልዩነት፣ በጭንቅ፣ ግን አሸነፉ። ሙርሺዳ ሳታውቀው እልልታዋን ለቀቀችው። ሐዘንተኛነቷ ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ከደነች፤ ጥሩወርቅ እጇን ከአፏ ላይ አነሣችላት፤ እሷም እስኪወጣላት ድረስ እልል አለች። ረጃጅሞቹ አግዳሚውን እየረገጡ ወርደው ሜዳውን ሞሉት። ንጄሪ ዱላዋን ወደ ላይ ይዛ ከመሐላቸው ትታያለች።

ሳፊያ ከሚጨፍሩት መሐል ሾልካ ደረጃውን ወጣች፤ ከአክስቷ እግር ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ዝርግፍ አለች። ላቧ ይንጠባጠባል።

“እግሬ ተቃጠለ” አለች።

ሙርሺዳ ሻርፗን ወደ ኋላ ጥላ ጎንበስ አለች። የጫማው ክር በላብ ርሶ እምቢ አላት፤ በጥፍሯ ታገለችና ፈታችው። ጫማውን ሳበች፣ ካልሲውን ገፈፈች፣ የልጅቷን ትኩስ እግር አንስታ ጭኗ ላይ፣ ለለቅሶ በለበሰችው ጥቁር ቀሚስ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በሁለት አውራ ጣቶቿ፣ ተረከዙን፣ መሐሉን፣ የጣቶቹን ሥር፣ ቀስ እያለች አሸችው። ሳፊያ ጭንቅላቷን አግዳሚው ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፈነች። ታች ሜዳው ላይ ዘፈኑ ደምቋል።

“ሌላኛውንም አምጪ” አለች ሙርሺዳ።