ከጎሽ ሜዳ እስከ ሞላሌ

ሸዋንዳኝ መኪና ሊገዛ መሆኑ በጎሽ ሜዳ ሲሰማ ብዙው ሰው ለንግዱ ነው ብሎ አሰበ። እውነትም የበግ ጠጉር ነጋዴ ነበር። ከገበሬው ጠጉር እየገዛ ያስፈትላል፣ ያሠራል፤ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ደብረ ብርሃን አውርዶ ይሸጣል። እስከ ሞላሌ ድረስ የሚጭነው በአህያ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በፊት በነበረው በጋ፣ መንደርተኛው በምግብ ለሥራ የቆረጠው መንገድ ጎሽ ሜዳ ሲደርስ ግን መኪና የማይታሰብ ነገር መሆኑ ቀረ።

ለምን እንደሚገዛ በትክክል የሚያውቁት አማቱ ወይዘሮ ይታይሽ ብቻ ነበሩ። ልጃቸው እየሩስ የሸዋንዳኝ ሚስት ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ማግስት ደሟ አልቆም ብሎ፣ የመንደሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሞላሌ ጤና ጣቢያ ሲወስዷት መንገድ ላይ አረፈች። ያን ጊዜ የነበረው የእግር መንገድ ብቻ ነው። ሕፃኗ ጽናት ተረፈች። ወይዘሮ ይታይሽም የራሳቸውን ቤት ዘግተው ከአማቻቸው ዘንድ ገቡና ልጅቷን ማሳደግ ያዙ።

መኪናዋን ያመጣት አወቀ የሚባል የደብረ ብርሃን ሹፌር ነው። አሮጌ ላንድክሩዘር ነበረች፤ ነጭ ቀለሟ በየቦታው ተልጧል፣ ከኋላ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር አላት። አወቀ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥሮ ለዓመታት ነድቷት፣ ድርጅቱ ሲሸጣት ራሱ ገዛት። አሁን ዓይኑ እየደከመበት ስለሄደ ሊሰናበታት ፈልጓል።

ሞላሌ ላይ ተገናኙ። አወቀ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብለው እንዲሞክሯት ሐሳብ አቀረበ። ሸዋንዳኝ ሥሯ ገብቶ ባሌስትራዋን አየ፣ ጎማዋን ዳበሰ፣ ፍሬኗን ረገጠ፤ ከዚያ የሚፈልገው ጎሽ ሜዳ ደርሳ ስትመለስ ማየት መሆኑን ነገረው። አወቀ እዚያ መኪና ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ። ለመንገዱ ሥራ ድንጋይ ያመላለሰ አንድ የጭነት መኪና ብቻ ገብቶ ነበር። አወቀ ብትሰበርስ ሲለው፣ ሸዋንዳኝ ብትሰበርም የኔ ናት አለው።

መሐል ላይ እስካለው ወንዝ ድረስ ያለ ችግር ወረዱ። እዚያ አወቀ ሞተሩን አጥፍቶ ጫማውን አወለቀ፤ ሱሪውን ሰብስቦ ውኃው ውስጥ እየተራመደ በዱላ ጥልቀቱን ለካ። ተመልሶም አራቱም ጎማ እንዲስብ የሚያደርገውን ትንሹን ማርሽ አስገባና ድንጋዩን እየመረጠ ቀስ ብሎ ተሻገረ። ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ አቃሰተ እንጂ አልቆመም።

ጎሽ ሜዳ ሲደርሱ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ከበባቸው። ወይዘሮ ይታይሽ ጽናትን አዝለው ከበሩ ላይ ቆመዋል። ሸዋንዳኝ፣ ስንመለስ እኔ ከኋላ እተኛለሁ፣ አንተ እንደ ጤነኛ ሳይሆን እንደ በሽተኛ አስበኸኝ ንዳ ሲለው አወቀ ግራ ተጋባ። ያኔ የእየሩስን ነገር በአጭሩ ነገረው። አወቀ ባርኔጣውን አወለቀ።

ወይዘሮ ይታይሽ ግን ሰምተው ነበር።

«አንተ አይደለህም የምትተኛው» አሉ ጠጋ ብለው። «አንተ ጤነኛ ጎልማሳ ነህ፤ ብታንገላታህም አይታወቅህም። እኔ ወገቤ ታማሚ ነው። ወላድ የምትችለውንና የማትችለውን እኔ እነግርሃለሁ።»

ሸዋንዳኝ እንደማይሆን ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ግን ልጅቷን ለጎረቤት ሰጥተው፣ ባናቸውን ከመኪናዋ ወለል ላይ አንጥፈው ነበር። ተጋደሙ። ሸዋንዳኝ አግዳሚው ላይ በራስጌያቸው በኩል ተቀመጠ።

ቁልቁለቱ ክፉ ነበር። አወቀ የቻለውን ያህል ቀስ ቢልም ጎማው ከድንጋይ ድንጋይ ሲወድቅ ወለሉ የሳቸውን ጎን ይመታል። አንድ ጊዜ ራሳቸው ሊላተም ሲል ሸዋንዳኝ መዳፉን ከሥር አስገባ። ከንፈራቸውን ነክሰው ጣራውን ያያሉ። ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ሲጀምሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የት ደረስን?» አሉ ትንሽ ቆይተው።

ሸዋንዳኝ በመስኮት ያየውን ቦታ ሊነግራቸው ከበደው። «ክር ገደል» አላቸው በመጨረሻ።

«አቁመው።»

አወቀ አቆመ። ወይዘሮ ይታይሽ ተደግፈው ወረዱ። አዲሱ መንገድ የድሮውን የእግር መንገድ የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው፤ ዳሩ ላይ እየሩስ ስታርፍ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ያስቀመጡበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። በዙሪያው አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ በቅሎበታል። አጠገቡ ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ነፋሱ ነጠላቸውን ሲገፍፈው ሸዋንዳኝ ያዘላቸው። አላለቀሱም። ሲጨርሱ ተመልሰው ገብተው እንደ ቀድሞው ተጋደሙና ይንዳ አሉ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ መኪናዋ ስትቆም ወይዘሮ ይታይሽ የደረሱ አልመሰላቸውም። ምን ሆነን ቆምን ብለው ጠየቁ። ሸዋንዳኝ የኋላውን በር ከፈተላቸው። ቀና ብለው የጤና ጣቢያውን ግንብ፣ ደጁ ላይ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች አዩ። ድንጋዩ አጠገብ ጸልየው ከተነሱ ገና ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው።

«ይህን ያህል ቅርብ ነበር?» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ሸዋንዳኝ ዞር ብሎ ሄደ፤ ግንቡን ተደግፎ ቆመ። አወቀ ሲከተለው መኪናዋን እንደማይገዛት ነገረው። ነውር አላገኘሁባትም፣ ደግ መኪና ናት፣ ግን ይዘሃት ሂድ አለው። አወቀ አልተከራከረም። ምክንያቱን የጠየቁት ዓይናቸውን አብሰው የመጡት ወይዘሮ ይታይሽ ናቸው።

«ሩቅ ስለነበር ነው እያልኩ ነበር የምኖረው፣ እማማ» አለ ወደ መሬት እያየ። «ዛሬ እንዲህ ቅርብ ሆኖ ሳየው አልቻልኩም። በየቀኑ በዚያ ማለፍ አልችልም።»

ወይዘሮ ይታይሽ ክንዱን ያዙት።

«ሩቅ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ዋሽተህ አይደለም። ያን ዕለት እኔም ነበርኩ፤ እጄን ይዛ ነበር። ልጆቹ ትከሻቸው እስኪላጥ ተሸከሟት፤ ከዚያ በላይ የሚሆን አልነበረም። ሩቅ ነበር። አሁን ነው የቀረበው።» ወደ መኪናዋ ዞሩ። «ወገቤን አድቅቃኛለች። እንዲህ እንዳለች ወላድ አትጫንባትም፤ የጠጉር ፍራሽ እሠራላታለሁ። አንተ ግዛት።»

ሸዋንዳኝ ዞሮ መኪናዋን ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወደ አወቀ ሄዶ እጁን ዘረጋለት።

አወቀ በየገበያው ቀን እየመጣ ሸዋንዳኝን መንዳት አስተማረው፤ እሱም መንጃ ፈቃዱን ደብረ ብርሃን አወጣ። ወይዘሮ ይታይሽ ጠጉሩን አጥበው፣ በእጅ አፍታትተው፣ ወለሉን የሚሞላ ወፍራም ፍራሽ ሰፉ። መኪናዋ ጠጉርና ባና ስትጭን ፍራሹ ተጠቅልሎ ቤት ይቀመጣል።

ክረምቱ ገባ። ወንዙ ሲሞላ መኪና አያሻግርምና ሸዋንዳኝ አስቀድሞ ከወንዙ ወዲያ በሞላሌ በኩል፣ ከአንድ ዘመዱ ግቢ አቁሟት ነበር፤ ፍራሹንም ውስጧ አኑሯል። በነሐሴ አንድ ጠዋት ከጎሽ ሜዳ አጠገብ ካለው ተረተር ይመኙሻል የምትባል ሴት ምጥ ጸንቶባታል የሚል ጥሪ መጣ። ጎረምሶቹ በቃሬዛ አነሷት፤ ወንዙን ላይ በኩል ባለው የእግረኛ የእንጨት ድልድይ አሻግረው መኪናዋ ድረስ አመጧት። ወይዘሮ ይታይሽም በዝናብ ተከትለው መጡና ከኋላ አብረዋት ገቡ።

ዳገቱ ጭቃ ነበር። ሁለት ቦታ ላይ ጎማው ተንሸራተተ፤ አብረው የተሳፈሩት ጎረምሶች ወርደው ገፉ። በክር ገደል ሲያልፍ ሸዋንዳኝ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ከኋላው የይመኙሻልን ጩኸትና የአማቱን ዝግ ያለ ድምፅ ይሰማል።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ነርሶቹ ተቀብለው አስገቧት። ሸዋንዳኝ ከመኪናዋ መውረድ አቃተው፤ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ዝናቡ ኮፈኑን ይደበድባል። ብዙ ከቆየ በኋላ ወይዘሮ ይታይሽ በስብሰው ወጡና የጋቢናውን በር ከፍተው ከጎኑ ተቀመጡ።

«ወንድ ነው» አሉት። «ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

ሸዋንዳኝ ራሱን ነቀነቀ። ወይዘሮ ይታይሽ ከጉያቸው በጨርቅ የቋጠሩትን የገብስ ዳቦ አወጡ፤ ቆርሰው ሰጡት፤ ለራሳቸውም ቆረሱ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እዚያው ተቀምጠው በሉ።