ሠላሳ ስድስት ቁጥር ሱሪ

የእህቴ ባል ልብስ ሰፊ ነው። ወገባቸው ለሰፋ ደንበኞቹ አንድ ውለታ ይውላል፤ አርባ አራት ለክቶ ይሰፋና ሱሪው ላይ ሠላሳ ስድስት የሚል ምልክት ይለጥፋል። ደንበኛው ሆዱን እያሻሸ ደስ ብሎት ይሄዳል። የራሱንም ሱሪ እንዲሁ ሲሰፋ ኖሮ በመጨረሻ ቁጥሩን አመነው።

አልጋ ላይ ነገር እምቢ ሲለው መጀመሪያ የወነጀለው አልጋውን ነው። ይንቋቋል ብሎ አናጢ ጠራ። አዲሱ አልጋ አልተንቋቋም፤ የሚያንቋቋው ነገርም አልነበረም። ከዚያ የእህቴ ተራ ደረሰ።

«ጭቅጭቅሽ ነው የገደለኝ!»

«ዓመት ሙሉ አፌን ይዤ?»

«ዝምታሽማ ይብሳል!»

ባለፈው ሳምንት ጓደኛው የሰጠውን «ፍቱን» ኪኒን ኪሱ ውስጥ አገኘችበት። ሳይመረመር እንዳይውጠው አስምላ፣ እኔን አስከትላ ክሊኒክ ወሰደችው።

ሐኪሟ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት።

«ሲጋራ ያጨሳሉ፣ አባቴ?»

«አባቴ» የሚለው ቃል ፊቱን አኮማተረው። «ከሰው ጋር ስሆን ብቻ።»

«ብቻውን ሆኖ አያውቅም፤ ጢሱ አብሮት ነው» አለች እህቴ።

«ደም ግፊትስ?»

«ነበረብኝ። መድኃኒቱ አደከመኝና ተውኩት።»

«ደረትዎን ያምዎታል?»

«ጋዝ ነው። ሲብስብኝ ምላሴ ሥር የማደርጋት ኪኒን አለችኝ።»

ባሌም ጋዝ ነው ይል ነበር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርኩ።

«ወገብዎ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስድስት!» ቀበቶውን ፈትቶ ምልክቱን ገልብጦ አሳያት። ለካችው፤ አርባ አምስት። «ሜትሩ ልክ አይደለም፣ ዶክተር» ብሎ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን የራሱን ሜትር አወረደ። አርባ አምስት ተኩል።

የደም ምርመራው ሲመጣ ስኳርም ተገኘበት። ሐኪሟ ጓደኛው የሰጠውን ኪኒን ከኪሱ አስወጥታ አየችና መልሳለት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይህን ምላስዎ ሥር ከሚያደርጉት ጋር ቢውጡት ኖሮ ግፊትዎ ባንዴ ወርዶ ሊሞቱ ይችሉ ነበር። የታችኛው ደም ሥር ከልብ ደም ሥር ይቀጥናል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠበው እሱ ነው። ሰውነትዎ ስለ ልብዎ እያስጠነቀቀዎት ነው።»

«ታዲያ በስንት ቀን ይስተካከላል?» አለ። የጠየቀው ስለ ልቡ አልነበረም።

እህቴ እጇን ዘረጋች። ኪኒኑን ሰጣት። እጇን አላጠፈችም፤ ዓይኗ ሲጋራ የሚይዝበት ኪሱ ላይ ነበር።

«ሲጋራውን ደግሞ ምን በወጣው?» አለ።

«በቤታችን ባሏ የሞተባት አንድ ትበቃለች» አለች እህቴ።

ወደ እኔ ዞረ። ቀና ብዬ አየሁት። ፓኮውን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው።