አንድ ኩባያ በሶ

«ካዱ!»

ቢፍቱ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ነው ድንኳኑ ውስጥ የጮኸችው። «ሦስቱም ካዱ፣ እማዬ! ‹ሂን ጎኔ› አሉ። አላደረግንም አሉ!»

ንፍሮ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። በማግስቱ የወንድሟ የቶኩማ አርባ ነው፤ የእድሩ ድንኳን በእናቷ በደብሪቱ ግቢ ውስጥ ዳግም የተተከለው ለዚያ ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ያን ቀን ለተዝካሩ ሽንኩርት ልላጥ ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም። ሰው የመጣው በቶኩማ ግድያ የተከሰሱት ሦስት ልጆች ከቀረቡበት ከአምቦ ፍርድ ቤት የሚደርሰውን ወሬ ሊሰማ ነው። ሽንኩርቱ ሰበብ ነው።

«ወይ ነዶ!» አለች አንዷ ደረቷን ደቅታ። ከዚያ በኋላማ ማን ማንን ይሰማል!

ጊንጪ እንዲህ ናት፤ መንገድ ዳር ስለሆነች ወሬ አይዘገይባትም። ከአምቦ የመጣው ሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ክደዋል! ክደዋል!» እያለ አለፈ፤ መንገደኛ የሚጠራ ነበር የሚመስለው። ወሬው በስልክ ጎጆና እንጭኒ ከተሞችም ደረሰ። ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ ሰልፍ እንውጣ ይላል፣ አንዱ ቤታቸውን እናቃጥል ይላል፣ ቶኩማን በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ደግሞ ፌስቡክ ላይ «ወንድሜን!» እያለ እንባ ያፈሳል። በሕይወት ሳለ ማለዳ ማለዳ አስፋልቱን ይዞ ሲሮጥ «ይሄ ልጅ ሥራ የለውም?» ሲሉት የነበሩም እኮ ከመካከላቸው አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ መምህር ሶፎንያስ ተነሳ። ቶኩማን ስፖርት ያስተማረው እሱ ነው፤ አገሩ ሩቅ ቢሆንም ለቅሶውን ከቤተሰቡ እኩል ተቀምጧል። «ጎበዝ፣ ተረጋጉ እንጂ! ይሄ የእምነት ክህደት ቃል የሚባለው ነው። ዳኛው ይጠይቃል፣ ተከሳሹ አላደረግኩም ይላል፣ ከዚያ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ያሰማል። ነገሩ ገና ተጀመረ እንጂ መቼ አለቀ? መብታቸው ነው።»

«መብታቸው?» ኦቦ ኢዶሳ ከዘራቸውን ወደ እሱ ቀሰሩ። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ደም የተቃቡ ወገኖችን በማስታረቅም በአካባቢው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ መጽሐፍህን አልነቅፍብህም። በእኛ ወግ ግን የገደለ ‹ገድያለሁ› ይላል። ወገኖቹ ሽማግሌ ይልካሉ፣ ጉማው፣ የደም ካሣው፣ ይከፈላል፣ ደሙ ይደርቃል። ያ እስኪሆን የገዳይ ወገን ከሟች ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። የቀመሰ እንደሆነ ዘሩ አይባረክም። ታዲያ አሁን እነዚህ አልገደልንም ካሉ ማንን ከማን ነው የማስታርቀው?»

ሁሉም ወደ ደብሪቱ ዞረ። ትጮሃለች፣ ፊቷን ትነጫለች ብለው ጠብቀዋል። እሷ ግን ያዘነ ሰው ደንቡ መቀመጥ ሆኖ ሳለ ከፍራሹ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ተመልሳ ትነሳለች።

«ቀንዓስ?» አለች ቢፍቱን በእጇ ስባ። «እሱስ እንዴት አድርጎ ነው ያለው?»

«እንዴት ይለዋል? እንደ ሌሎቹ ነዋ! አቀርቅሮ ነው አሉ የተናገረው።»

«ያቀረቀረው አፍሮ ነው ወይስ ፈርቶ?»

«እማዬ በናትሽ!»

ያን ጊዜ ማንም ያልጠረጠረውን እኔ ልንገራችሁ። ደብሪቱ «አላደረግንም» የሚለውን ስትሰማ ከሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ብሏል። ደስታ ነው። ልጇን ቀብራ፣ ማቅ ለብሳ፣ የተከሳሾቹን መካድ ስትሰማ ደስ አላት! በራሷ አፈረች፤ ግን ምን ታድርግ? ከሦስቱ አንዱ ቀንዓ ነው። ምናልባት ሌሎቹ ይሆናሉ፤ እሱ ግን ምናልባት በእውነት አላደረገውም።

ቀንዓ ከአጥር ማዶ ያለችው የአመለሸጋ ልጅ ነው። ከቶኩማ ጋር አብረው አደጉ፣ አብረውም ሩጫ ጀመሩ። ጎህ ሲቀድ ተነስተው ወደ ጎጆ የሚወስደውን ዳገት ይወጡና ጭቃ በጭቃ ሆነው ይመለሳሉ። ደብሪቱ ከጎጆ በመጣ ገብስ በሶ በጥብጣ በአንድ ትልቅ የብረት ኩባያ ደጃፍ ላይ ታስቀምጣለች። ቀድሞ የደረሰ ግማሹን ይጠጣል፣ ግማሹን ለኋለኛው ይተዋል። የተተወውን ዝንብ እንዳይገባበት በሳህን ትከድነዋለች። «ሁለት ኩባያ ጠፍቶ ነው?» ሲሏት፣ «ተዉአቸው፣ መተሳሰብ ይልመዱ» ትል ነበር።

መጀመሪያ ላይ የሚቀድመው ቀንዓ ነበር። በሩን ገፋ አድርጎ «ሃዳ ቶኩማ! ያንቺ ልጅ እስኪደርስ መስከረም ይጠባል!» ይላታል እየሳቀ። የቶኩማ እናት ብሎ መጥራቱ ነው፤ ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ በዚያ ስም የሚጠራት እሱ ብቻ ነበር። ኋላ ቶኩማ መቅደም ጀመረ። ትንሽ በትንሽ ራቀው። የአዲስ አበባ ክለብ ሰዎች መጥተው አዩና ቶኩማን መረጡ፤ ቀንዓን «አንተ ለከርሞ» አሉት። ከዚያ በኋላ ቀንዓ የተከደነለትን በሶ ሳይነካ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ቤቱ ሹልክ የሚልባቸው ጠዋቶች መጡ። ደብሪቱ አይታለች። «ጠግቦ ይሆናል» ብላ አለፈችው። አሁን ይቺ ሐሳብ ስትመጣባት ነው ከፍራሹ የምትነሳው።

ቶኩማ ወደ ክለቡ ሊሄድ ሻንጣው ተዘጋጅቶ ሳለ አንድ ምሽት ከልምምድ ሲመለስ ድልድዩ አጠገብ በድንጋይ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ ቀንዓንና ሁለት ጓደኞቹን ሲይዝ «ተሳስታችኋል! ያ ልጄ ነው!» ብላ የጮኸችው ደብሪቱ ናት። አመለሸጋ ለቀብሩ አልመጣችም፤ ታማለች ተባለ። ደብሪቱም ታማ ነው አለች፤ ለጠየቃት ሁሉ ታማ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ የአመለሸጋ በር እንደተዘጋ ነው።

ድንኳኑ በክርክር ሲናጥ ደጅ አካባቢ ያሉት ድንገት ገለል ገለል አሉ።

አመለሸጋ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ከስታ ቀሚሱ ሰፍቷታል።

«ዓይኗን በጨው አጥባ!» አለ አንድ ድምፅ።

«ውጪ! አስወጧት!» አለ ሌላው።

አመለሸጋ ለማንም አልመለሰችም። ደብሪቱ ፊት ደርሳ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። «ደብሬ፣ ልጄ አላደረግኩም ብሏል። ሰምተሻል አይደል? በዳኛ ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት ነው ያለው። እስከዛሬ በምን ዓይኔ ልምጣ? አሁን እንግዲህ አላደረገም፤ ላልቅስ መጣሁ። ቶኩማን ከልጄ ለይቼ አይቼው አላውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ደብሪቱ ብድግ አለች። ወደ ጓዳ ስትገባ ልትመታት ዱላ ልታመጣ ነው ያሉም ነበሩ። እሷ ግን ከቶኩማ ሞት ወዲህ እጇ ያልነካውን ኩባያ ከመደርደሪያው አወረደች፣ አጠበች፣ በሶውን ጨመረች፣ ውሃ አፈሰሰችበትና መበጥበጥ ጀመረች። እጇ ፈጥኗል። ልጆቹ ዳገቱን ጨርሰው ሲወርዱ እንደዚሁ ነበር የምትቻኮለው።

ቢፍቱ ተከትላት ገባች። «እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«እንግዳ መጣብኝ አይደል? ልቀቂኝ።»

ኩባያውን ሙሉ ይዛ ስትወጣ ኦቦ ኢዶሳ ገባቸው። ከዘራቸውን አንስተው ሰዉን ዝም አሰኙ። የገባቸው ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ፤ ያልገባው ሶፎንያስ ብቻ ነበር፣ እሱም የሌሎቹን ፊት አይቶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እንኳን መጣሽ» አለች ደብሪቱ። «ያዢ፣ ጠጪ።»

አመለሸጋ ኩባያውን በሁለት እጇ ተቀበለች። አወቀችው፤ የማን ኩባያ እንደሆነ ታውቃለች። ወደ አፏ አስጠጋችና መልሳ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

«ቤቴ ጠጥቼ ነው የመጣሁት፣ ደብሬ።»

«አንድ ጉንጭ ብቻ።»

«ሆዴን ያመኛል…»

«አመሌ!» ደብሪቱ ፊቷ ተንበረከከች። የሟች እናት ናት ለተከሳሽ እናት የተንበረከከችው። «በልጄ አጥንት ይሁንብሽ! አንድ ጉንጭ ጠጪልኝ። ይሄ ሁሉ ሰው ይይና ወደየቤቱ ይግባ። እኔም ልረፍ። የቀንዓን ስንቅ ራሴ ቋጥሬ አምቦ ድረስ እወስድለታለሁ። ጠጪው እንጂ!»

አመለሸጋ አነሳችው። ኩባያው ከንፈሯ ላይ ደረሰ፤ ጥርሷ ከብረቱ ጋር ሲንቀጫቀጭ ደጅ ያሉት ሳይቀሩ ሰሙት። ቤቷ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች አሏት። ገና ጥርስ የሚለውጡ ልጆች፤ ዘሯ ማለት እነሱም ናቸው። ከንፈሯን አጥብቃ ዘጋች። ከዚያ ኩባያውን አንዲት ጠብታ ሳታፈስ፣ ሙሉውን፣ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አልችልም» አለች። «አልችልም፣ ደብሬ። ያን ምሽት ሲገባ ልብሱ…»

«ተይ!» ደብሪቱ አፏን በመዳፏ ያዘችው። «ለእኔ አትንገሪኝ። ለዳኛው ንገሪው፣ ካስቻለሽ። ለእኔ ግን አትንገሪኝ።»

ድንኳኑ ፈላ። ወንዶች ዘለው ተነሱ፤ «ያዟት! ፖሊስ ጥሩ!» ተባለ። ኦቦ ኢዶሳ በወንዶቹ ፊት ከዘራቸውን አጋድመው ቆሙ፣ «እናት ናት! ማንም እንዳይነካት!» አሉ። አመለሸጋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ በተከፈተላት መንገድ ወጣች። ከማዶ በሯ ሲዘጋ ተሰማ።

ደብሪቱ የዚያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፣ ድምፅ ሳታወጣ። ቀብር ዕለት ለአንድ ልጅ ነበር ያለቀሰችው። አሁን ሁለት ሆኑባት፤ ሁለተኛው በሕይወት አለ፣ ያ ደግሞ ባሰባት።

ሶፎንያስ ሊደግፋት መጣ፤ በእጇ ተወኝ አለችው። ጎንበስ ብላ ኩባያውን ከመሬት አነሳችና እዚያው እንደተንበረከከች መጠጣት ጀመረች። ግማሹ ላይ ስትደርስ እጇ በልማድ ቆመ፤ ዓይኗም መክደኛ ፈለገ። ቢፍቱ ገብቷት ሳህኑን ከጓዳ አምጥታ ሰጠቻት።

ደብሪቱ ሳህኑን አየችው። መልሳ ለልጇ ሰጠቻትና የቀረውን ግማሽ ጨለጠችው።